ኮንሰርቬሽን ባዮሎጂን ከወሎ መጀመር፦ ከማስታወሻ ደብተር እስከ ማስተርስና ሥራ

በባዮሎጂ፣ በደን ወይም በተፈጥሮ ሀብት ተመርቀው ደሴ፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ ቤተሰብ ጋ ሆነው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ላመልክት?» እኔም መልሼ «የትኛውን ተራራ ታውቃለህ? የትኛውን ጫካ ታውቂያለሽ?» እላቸዋለሁ። ማመልከቻ የመጀመሪያው እርምጃ ስለሚመስላቸው ይገረማሉ። እኔ ባየሁት አምስተኛው ነው። ከእሱ በፊት ያሉትን አራቱን የሠራ ሰው አማካሪም ሆነ ገንዘብ ሲፈልግ የሚያሳየው ነገር በእጁ አለ። ያልሠራው ዲግሪውን ብቻ ይዞ ከብዙ ሺህ ተመራቂ ጋር ይሰለፋል።

ስለ ዘርፉ ትንሽ ልበል። ኮንሰርቬሽን ባዮሎጂ ዕፅዋትና እንስሳት ለምን እንደሚጠፉ፣ እንዳይጠፉስ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያጠና ሳይንስ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ማይክል ሱሌ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ የቀውስ ጊዜ ሙያ ብሎ ገልጾታል። ከባዮሎጂ ጋር ያለውን ዝምድናም ቀዶ ሕክምና ከፊዚዮሎጂ ጋር ካለው ዝምድና ጋር አመሳስሎታል። መረጃው ሁሉ ተሟልቶ ባይገኝም መወሰን ግድ ይሆናል ማለቱ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ስታቲስቲክስ፣ ሕግ፣ የገበሬው ኑሮ፣ የግጦሽ ሥርዓት ሁሉ ይገባበታል። ወሎ ላደገ ልጅ ደግሞ ከእነዚህ ግማሹን ገና ከብት ሲያግድ ተምሮታል።

1. አንድ ቦታ ምረጡ

አንድ ብቻ። በእግር ወይም በአንድ የመኪና ጉዞ የምትደርሱበት፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላችሁበት ቢሆን ይመረጣል። ወሎ በዚህ የታደለ አገር ነው። ላስታ ላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ጅባራው፣ አስታው፣ የጓሳ ሣሩ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ አንድ ላይ ይገኛሉ። ደቡብ ወሎ ላይ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጅ የጎፍ ደን ቅርብ ነው። ሐይቅና አርዲቦ ለዓሣና ለውኃ ወፍ፣ ከከሚሴ አካባቢ ያለው የጨፋ ረግረግ ደግሞ ለወፍም ለግጦሽም ጥያቄ የሚሆኑ ናቸው። ጨፋ የሚጠጣው የቦርከናን ወንዝ ነው፤ ቦርከና ደግሞ የኮምቦልቻን ከተማና ፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። በደረቅ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡትም እዚያው ነው። በአንድ ረግረግ ላይ ይህን ያህል ጉዳይ ከተደራረበ አንድ ተማሪ ዕድሜ ልኩን ቢያጠና አይጨርሰውም።

ትልቅ ተራራ ወይም ሐይቅ የለንም የምትሉ፣ የሰፈራችሁን ደብር ወይም የሼሁን መቃብር ተመልከቱ። ወሎ ውስጥ ያረጀ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ ወይም ዋርካ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በእስላም መቃብር ዙሪያ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ያየ ይህን ያውቃል። የደብር ደን በተለይ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም በኩል ብዙ ተጠንቷል። በመቃብርና በዚያራ ቦታ ዙሪያ ያለው ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ባሉበት አገር አነጻጽሮ ለማጥናት ከወሎ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

ጥበቃ የዱር አውሬ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ ከፍ ያለባቸውን ሁለት ሲያገኙ፣ ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የአገሩ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ከሰየመው ቆይቷል፤ ጣዕሙን ከላቦራቶሪው በፊት ያውቀዋል። በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር በልቶ ሲጨርስ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ለመጥፋት ተቃርበው ነበር። ያኔ የአገሪቱን የዘር ባንክ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሆነው የአገር ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ተመልሶ እንዲጠበቅ ሠርተዋል። ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእናታችሁ ጓሮና የአጎታችሁ ጎተራም የጥናት ቦታ ነው።

2. ደብተር ያዙ፤ ቢያንስ ስድስት ወር ጻፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔም ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጭላዳን ምሳሌ ላድርግ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ተበትኖ ሲግጥ ለመቁጠር አትድከሙ። ከመውጣቱ በፊት ደርሳችሁ፣ ከገደሉ አፍ ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱ ፊታችሁን እንዲመታ ሆናችሁ ተቀመጡ። ብቅ ሲል ቁጠሩት። ትከሻው ላይ የተንዠረገገው ጎፈር ትልቁን ወንድ ይለያል፤ ግልገል ያዘለችውን ለብቻ ጻፉ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ለየብቻ ብትቆጥሩና መጨረሻ ላይ ብታነጻጽሩ፣ የቆጠራችሁት ምን ያህል እንደሚታመን በዚያው ታውቁታላችሁ።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ መኖር ያለባቸው፦ ቀን፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ በስልካችሁ ጂፒኤስ የወሰዳችሁት የቦታ ነጥብ፣ አየሩ፣ ያያችሁት ቁጥር፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ በአካባቢው ሰው፣ ከብት ወይም ውሻ እንደነበረ። ሰዓቱን በአበሻ ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር ወስኑና አትቀያይሩ። የማይጠፋ እስክሪብቶ ወይም እርሳስ ተጠቀሙ፤ የደጋ ጉም ደብተር ያርሳል።

ከሁሉም በላይ ምንም ያላያችሁበትን ቀን ጻፉ። ሄዳችሁ፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ፣ ምንም ካላያችሁ «ዜሮ» ብላችሁ መዝግቡ። እኔ መጀመሪያ ስጀምር ያየሁባቸውን ቀናት ብቻ ጽፌ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ የደከምኩበት መረጃ ለምንም ሳይሆን ቀርቷል። አማካሪዬ ደብተሬን አገላብጠው አይተው «ያልተገኘበትን ካላወቅን የተገኘበት ምን ይነግረናል?» አሉኝ። ያን ቀን በጣም አዝኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ዜሮ የሚጻፍ ደብተር ሳይ ያ ድካም ትዝ ይለኛል።

ደብተሩን ስትይዙ እረኞቹን ጠይቁ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ዓለምን ያስገረመ ግኝት ነው። ቀበሮው በጭላዳው መሐል ረጋ ብሎ ሲሄድ ግን ከሣይንሱ በፊት ያየው እረኛው ነው። ልዩነቱ ተመራማሪዎቹ ለዓመታት እየተቀመጡ መቁጠራቸው ነው። አንድ የአሥር ዓመት እረኛ «ቀበሮው ከጭላዳው ጋር ሲሆን አይሮጥም» ቢላችሁ ቃሉን እንደተናገረው፣ ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት።

3. ያያችሁትን ወደ ጥያቄ ለውጡ

የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት «የእገሌ እንስሳ ብዛትና ስርጭት በእገሌ ቦታ» በሚሉ የመመረቂያ ጽሑፎች የተሞሉ ናቸው። ቆጠራ አስፈላጊ አይደለም አልልም፤ ያለ እሱ የት እንዳለን አናውቅም። ግን ቁጥሩ ብቻ ለፓርኩ ኃላፊም ለገበሬውም ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

በዓለም ላይ የቀረው ለመራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በሰሜኑ ያሉት ትንንሽ መንጋዎች ተራራ ለተራራ ተነጣጥለው የቀሩ ናቸው። ከወሎ ብዙም የማይርቀው ጉና ላይ የነበረው ጠፍቷል። ለቀበሮው አደገኛው ነገር ከእርሻ መስፋፋት ጎን የውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። እንግዲህ ጥያቄው «ቀበሮው ስንት ነው?» ከሚሆን ይልቅ «ከጓሳው ዳር ባሉት ጎጦች ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ታስሮ ያድራል? ስንቱ ከእረኛ ጋር ወደ ቀበሮው ክልል ይወጣል? ስንቱ ክትባት አግኝቷል?» ቢሆን፣ መልሱ ክትባቱ ከየትኛው ጎጥ መጀመር እንዳለበት ይናገራል። የወረዳው እንስሳት ጤና ባለሙያ የሚጠቀምበት ማስተርስ ይህ ነው።

ጥያቄያችሁ ጥሩ መሆኑን በዚህ ፈትኑት፦ መልሱ አዎ ሆነ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ማንነቱን ለይታችሁ የምታውቁት አንድ ሰው የሚያደርገው ነገር ይለወጣል? ካልተለወጠ ጥያቄውን መልሳችሁ ሥሩት።

4. መሣሪያውን ተማሩ

ባይኖኩላር የለኝም ብሎ ሥራውን ያቆመ ልጅ አይቻለሁ። አብዛኛው የሚያስፈልገው ነገር ነፃ ነው። ለስታቲስቲክስ «አር»፣ ለካርታ «ኪውጂአይኤስ»፣ ያለ ኔትወርክ መጠይቅ ለመሙላት «ኮቦ ቱልቦክስ» በነፃ ይገኛሉ። ወፍ የምታዩ ሰዎች «ኢበርድ» ላይ መዝግቡ፤ ለዕፅዋትና ለነፍሳት «አይናቹራሊስት» አለ። አይዲያ ዋይልድ የተባለው ድርጅት ደግሞ ለጥበቃ ሥራ ካሜራና ባይኖኩላር የመሰለ ዕቃ ይረዳል።

ሁለት ነገር በልባችሁ ይቀመጥ። ደን ስትለኩ የዛፉን ውፍረት የምትወስዱት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በአገራችን የደን ጥናት የተለመደው ናሙና 20 በ20 ሜትር ነው። በእግር ቀጥ ባለ መስመር ሄዳችሁ እንስሳ የምትቆጥሩ ከሆነ ደግሞ ከመስመሩ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ብዛት ለመገመት ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ለሁለት ሳምንት ወጥተው 11 ጊዜ አይተው የተመለሱ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚቸገሩ አይቻለሁ። ስታቲስቲክሱን ከመስክ በፊት ተማሩ።

5. ዩኒቨርሲቲና አማካሪ

አሁን ወደ ማመልከቻው ደረስን። አገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትም የዕፅዋትም ክፍሎች አሉት፤ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ ሄርባሪየሙም እዚያው ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በደንና በዱር እንስሳት የቆየ ስም አለው። ባሕር ዳርና ጎንደርም ቅርብ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከቤታችሁ እየተመላለሳችሁ መስካችሁን ሳትለቁ ለመሥራት ይመቻል። የትኛው ዓመት የትኛው ፕሮግራም ተማሪ እንደሚቀበል ከሬጅስትራሩ ጠይቁ። ለአገር ውስጥ ትምህርት «ጋት» የሚባለውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ቢያንስ ሁለት ወር ተለማመዱ። ማስተርስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው፤ አንዱ ለኮርስ፣ ሌላው ለጥናት።

እኔ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪውን አስቀድማለሁ። ካለፉት ተማሪዎቹ ሁለቱን ፈልጋችሁ ጠይቁ፦ ጽሑፍ ሲላክለት በስንት ጊዜ ይመልሳል? መስክ ወጥቶ ያውቃል? የተማሪውን ሥራ ሲያሳትም የማን ስም ይቀድማል? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሁለት ዓመታችሁን ነው የምትሰጡት።

ለአማካሪ ኢሜል ስትጽፉ አሥር መስመር ይበቃል። ለመቶ ሰው የሚላክ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ሥር ለመማር ያለኝ ጉጉት» የሚል ደብዳቤ ሳይነበብ ይጠፋል። የሚነበበው እንዲህ የሚል ነው፦ እኔ ደላንታ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ቦታ ላይ ጭላዳ ስቆጥር ቆይቻለሁ፤ 41 ጊዜ ወጥቼ 29 ጊዜ አይቻለሁ። ገብሱ ሲያሽት ወደ ማሳ የሚገቡት ከገደል አፍ ስንት ሜትር ርቀት ላይ ወዳሉ ማሳዎች እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ያለፈውን ዓመት ጽሑፍዎን አንብቤ ስለ ዘዴው አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚያ ጥያቄውን ትጠይቃላችሁ፤ የደብተራችሁን አንድ ገጽ ፎቶ ታያይዛላችሁ። መልስ ካልመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ።

6. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

የወጪ መጋራት ሳይጠናቀቅ ዋናው ዲግሪ በቀላሉ አይወጣም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለመላክ ጊዜ ይወስዳል። ስማችሁ በላቲን ፊደል በዲግሪው፣ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬውኑ ተመልከቱ። አንዲት ፊደል ብትለይ ውጭ አገር ስታመለክቱ ወራት ታስባክናለች። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቁ፣ የሠራችሁትንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ አይኤልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

7. ገንዘብ

የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ በሁለት አገር የሚያስተምር ሲሆን፣ ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፤ በሥነ ምህዳርና በጥበቃ ዙሪያ ፕሮግራሞች አሉት። የጀርመኑ ዳአድ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው ኢፖስ የተባለው ዕድል ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻ ዲግሪያችሁም በመርህ ደረጃ ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ቺቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ ስኮላርሺፕም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወረዳ ላይ ወይም ፓርክ ላይ በትንሽ ደመወዝ የሠራችሁበት ጊዜ የባከነ አይደለም፤ ደብዳቤውን በማኅተም አስጽፋችሁ ያዙ።

ለመስክ ሥራው የሩፎርድ ፋውንዴሽን አነስተኛ ድጎማ ለአገራችን ወጣቶች በተደጋጋሚ ሰጥቷል። ትሮፒካል ባዮሎጂ አሶሲየሽን ደግሞ አፍሪካ ውስጥ የአንድ ወር ያህል የመስክ ኮርስ ይሰጣል፤ በመስክ ዘዴ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን የሚሉ ደላሎችን አትመኑ። እውነተኛ ስኮላርሺፕ በሰው እጅ ጉቦ አይጠይቅም። ለእህቴ ልጅ የመጣውን የሐሰት የመቀበያ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ ማኅተሙም ፊርማውም ነበረው። ቤተሰቡ ላሟን ሸጦ ከፍሎ ነበር።

8. ፈቃድና ወደ ሕዝቡ መግባት

ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ ትይዛላችሁ። በፌዴራል ሥር ባለ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በክልል ሥር ከሆነ የክልሉን መሥሪያ ቤት ታስፈቅዳላችሁ። ከዚያ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። የዕፅዋት ወይም የእንስሳ ናሙና፣ ደምም ሆነ ፀጉር፣ ከአገር ለማስወጣት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ የግድ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ይህን ይመለከታል። የገበሬውን ዕውቀት መዝግባችሁ መውሰድም በዚሁ አዋጅ ይነካል። ሰላሙን በተመለከተ ወረዳውንና የአገሩን ሰው ሁለቱንም ጠይቁ፤ አንዱ «አይሆንም» ካላችሁ አትሂዱ። ጥናት ይቆያል።

የወረዳው ማኅተም በር ይከፍታል እንጂ ሰው አያስቀምጥም። መጀመሪያ ቀን ደብተርም መጠይቅም አታውጡ። የአገሩን ሽማግሌዎች፣ አበጋሩን (የአገር አስታራቂውን)፣ ቄሱንና ሼሁን ሰላም በሉ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ደህና ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ቡና ከተፈላ እስከ በረካው ቆዩ፤ ከአቦል ላይ የተነሳ እንግዳ የቸኮለ ነው፤ ለቸኮለ ሰው ደግሞ ማንም ነገሩን አያወራም። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እናንተ የምትመጡት ቀበሮውን ልትጠብቁ ነው ወይስ እኛን ከግጦሹ ልታስነሱን?» ብለውኛል። በዚያች ቀን ስለ ጥናቴ ማስረዳት አልጀመርኩም። ግጦሹ ድሮ እንዴት እንደሚከለከልና እንደሚከፈት እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ሁለት ሰዓት አወሩልኝ። ማጥናት የነበረብኝ ከቀበሮው ቁጥር ይልቅ የእሳቸው የመከልከያ ሥርዓት መሆኑን ያወቅሁት ከሳቸው ወሬ ነው።

ጎረቤታችን መንዝ ጓሳ ላይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት ከልክሎ በጋራ የሚከፍት ሥርዓት ነበር። ጓሳው፣ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የቆዩት በእሱ ነው። ወሎ ውስጥም በየአገሩ እንዲህ ያለ ደንብ አለ። ጠይቁ።

አብሯችሁ ተራራ ለሚወጣ ሰው የቀን አበሉን በግልጽ ተነጋግራችሁ በየቀኑ ክፈሉ። ስሙን እሱ ከፈቀደ በጽሑፋችሁ ምስጋና ላይ አስፍሩ። ጭላዳ ማሳ ያጠፋበት ገበሬ ፊት ስለ ጭላዳ ውበት አታውሩ፤ ያጠፋበትን ማሳ አብራችሁ ሂዱና ለኩ።

9. ሥራው

የጥበቃ ሥራ ማስታወቂያ በብዛት አይወጣም። ካሉት በሮች አንዱ መንግሥት ነው፦ የፓርክ ኃላፊ፣ የወረዳ ባለሙያ፣ ክልል፣ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው፤ ለምርምር ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛው እንደ ኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ያሉ ድርጅቶች ናቸው፤ ይህኛው እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይሠራል። አራተኛው፣ ብዙዎች የማያስቡት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር፣ መንገድና ማዕድን ሁሉ ሕጉ ግምገማ ይጠይቃቸዋል። ደን ለይቶ፣ ወፍ ቆጥሮ፣ ካርታ ሠርቶ፣ ከገበሬ ጋር ተቀምጦ ማውራት የሚችል ባለሙያ እዚያ ይፈለጋል። በእርግጥ ግምገማውን የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ያያችሁትን ሳትቀንሱ ለመጻፍ ቆራጥነት ይጠይቃል።

መጀመሪያ በስካውትነት (በፓርክ ጠባቂነት) ወይም በዳታ ሰብሳቢነት መግባትን አትናቁ። ዛሬ ፓርክ ከሚያስተዳድሩት ውስጥ ከስካውት ጋር አዳር አድረው፣ በጠዋት ከእነሱ ጋር ገደል ወርደው የተማሩ አሉ፤ ከመስክ ወሬያቸው ይታወቃሉ። ፒኤችዲ ለመቀጠል አትቸኩሉ፤ ማስተርሳችሁን አሳትሙ። ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል» ለሚል ጆርናል ግን አትስጡ። በኋላ የሚቆጠርባችሁ እሱ ነው።

10. ውጤቱን መልሱ

ቴሲሱ (የመመረቂያ ጽሑፉ) ሲያልቅ ሁለት ገጽ አማርኛ አድርጉት። ቁጥሩን በሥዕል አሳዩ፦ ጭላዳ የገባባቸው ማሳዎች በአንድ ቀለም፣ ያልገባባቸው በሌላ። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብም ከጁምዓ በኋላ፣ አስፈቅዳችሁ ቆማችሁ አንብቡት። ስህተት ካለ ሰው ያርማችኋል፤ እርማቱን ጻፉ። አንድ ቅጂ ለቀበሌው ጽ/ቤት፣ አንድ ለትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር፣ አንድ ደግሞ አብሯችሁ ተራራ ለወጣው ሰው ስጡ። ከጀርባው ስልካችሁን ጻፉበት፤ ክረምት ገብቶ ጭላዳው መንገድ ሲቀይር መጀመሪያ የሚደውልላችሁ እሱ ነው።